ለአጠቃላይ ሳይንስ ባለቤት ይሰጠው!

«ውሃን ከጥሩ፣ ነገርን ከሥሩ» ይላል ያገራችን ሰው። ስለ ትምህርታችን መውደቅ ብዙ ይወራል፣ ብዙም ይጻፋል። የ12ኛ ክፍል መልቀቂያ ፈተና ውጤት በተነገረ ቁጥር እሮሮው እንደ አዲስ ይቀሰቀሳል። ከ2014 ዓ.ም. ተፈታኞች 50 ከመቶና ከዚያ በላይ ያገኙት 3.3 ከመቶ፣ ከ2015 ዓ.ም. 3.2 ከመቶ፣ ከ2016 ዓ.ም. ደግሞ 5.4 ከመቶ ብቻ መሆናቸው በተገለጠ ጊዜ፣ ሁሉም ጣቱን በ2ኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች ላይ ቀሰረ። ይህ አመለካከት ከፊል እውነት አለው፤ ሙሉው እውነት ግን አይደለም። የሕክምና ተማሪ በመጀመሪያ ከሚማራቸው ነገሮች አንዱ የበሽታ ምልክትና የበሽታ መንስኤ አንድ አለመሆናቸውን ነው። ትኩሳትን በማስታገሻ ማብረድ ወባን ማዳን አይደለም። በ12ኛ ክፍል የሚታየው ትኩሳቱ ነው፤ በሽታው የገባው ከዚያ ብዙ ዓመት ቀደም ብሎ ነው።

በሽታው ከገባባቸው በሮች አንዱን ለይተን ለማሳየት እንወዳለን። ይኸውም የ7ኛና የ8ኛ ክፍል የሳይንስ ትምህርት ነው። አገራችን አጠቃላይ ሳይንስ የሚባል ትምህርት ደንግጋለች፤ የአጠቃላይ ሳይንስ መምህር የሚባል ባለሙያ ግን ከትምህርቱ እኩል አላዘጋጀችም። ስለዚህ ለዚህ ትምህርት ራሱን የቻለ፣ ስሙና ወሰኑ የታወቀ፣ በአገር አቀፍ ደረጃ የጸና የመምህርነት ፈቃድ ይቋቋም እንላለን። ይህን የምንለው ለምን እንደሆነ ቀጥለን እናብራራለን።

ነገሩ እንዴት መጣ?

የእኛ ትውልድ 7ኛና 8ኛ ክፍል በተማረበት ዘመን ባዮሎጂ፣ ኬሚስትሪና ፊዚክስ ለየብቻቸው ይሰጡ ነበር። በ1986 ዓ.ም. የወጣው የትምህርትና ሥልጠና ፖሊሲ 8 ዓመት የሚፈጀውን የ1ኛ ደረጃ ትምህርት ለሁለት እርከን ከፍሎ ነበርና፣ የመምህራን ኮሌጆችም መምህራኑን ያሠለጠኑት በዚሁ መልክ ነበር። በታችኛው እርከን ሁሉንም ትምህርት የሚያስተምሩ፣ በላይኛው እርከን ደግሞ በአንድ የትምህርት ዓይነት የሠለጠኑ ነበሩ። ባለ 10+3 ዲፕሎማው መምህር የባዮሎጂ ነው፣ ወይም የኬሚስትሪ ነው፣ ወይም የፊዚክስ ነው። ዛሬ በየመካከለኛ ደረጃ ትምህርት ቤቱ ጠመኔ ይዘው የቆሙት አብዛኞቹ መምህራን በዚህ መንገድ የወጡ ናቸው።

ከዚያ በኋላ አዲሱ ሥርዓተ ትምህርት መጣ። በ2014 ዓ.ም. በሙከራ፣ ከ2015 ዓ.ም. ጀምሮ በስፋት ሥራ ላይ ሲውል፣ የትምህርቱ እርከን 6፣ 2፣ 4 ሆነ። 7ኛና 8ኛ ክፍል ራሱን የቻለ መካከለኛ ደረጃ ተባለ። ሦስቱ የሳይንስ ትምህርቶችም ተጠቃለው በአንድ መጽሐፍና በአንድ ስም «አጠቃላይ ሳይንስ» ተሰኙ። ትናንት የባዮሎጂ መምህር የነበረው ሰው ዛሬ ጠዋት ሲነሣ የአጠቃላይ ሳይንስ መምህር ሆኖ ተገኘ። እንዴት? በመጽሐፉ መለወጥ ብቻ!

ውድ አንባቢያን! ይህን ስንል ለውጡን ለመንቀፍ አለመሆኑ በግልጽ ይታወቅልን። ለውጡ በመሠረቱ ትክክል ነው። ትክክል መሆኑን ለማስረዳት ሩቅ መሄድ አያስፈልግም፤ ሦስት ምሳሌዎች ከራሳችን ኑሮ እንጥቀስ።

የመጀመሪያው እንዶድ ነው። ዶክተር አክሊሉ ለማ እ.ኤ.አ. በ1964 በአድዋ ወንዝ ዳር ሴቶች በእንዶድ ልብስ ከሚያጥቡበት ቦታ ዝቅ ብሎ የሞቱ ቀንድ አውጣዎችን አዩ። ከዚያ በመነሣት እንዶድ የብልሃርዚያን በሽታ የሚያስተላልፉትን ቀንድ አውጣዎች እንደሚገድል አረጋገጡ። እ.ኤ.አ. በ1989 ከባልደረባቸው ከዶክተር ለገሠ ወልደ ዮሐንስ ጋር በዓለም የታወቀ ሽልማት ያገኙትም በዚሁ ሥራ ነው። እንግዲህ ይህ ዕውቀት የየትኛው ትምህርት ነው? ጥገኛ ትሉና ቀንድ አውጣው የባዮሎጂ ናቸው። በእንዶድ ፍሬ ውስጥ ያለው ሳፖኒን የኬሚስትሪ ነው። አረፋው ውሃው ወደ ጨርቁ እንዲሰርግ የሚረዳበት ምክንያት ደግሞ የፊዚክስ ነው። ወንዙ ግን ሦስት ቦታ አልተከፈለም።

ሁለተኛው የስምጥ ሸለቆ ውሃ ነው። በዝዋይና በወንጂ አካባቢ ያደጉ ልጆች ጥርስ ለምን ይበልዛል? ከእሳተ ገሞራ በወጣው አለት ውስጥ ያለው ፍሎራይድ ወደ ከርሰ ምድር ውሃ ይሟሟል፤ የዓለም ጤና ድርጅት ከወሰነው ከ1.5 ሚሊ ግራም በሊትር በላይ ሲሆንና ልጁ ለብዙ ዓመት ሲጠጣው በመጀመሪያ ጥርስን፣ መጠኑ ከፍ ሲል ደግሞ አጥንትን ይጎዳል። የ13 ዓመት ልጅ በመስተዋት ራሱን አይቶ የሚጠይቀውን ይህን ጥያቄ የሚመልስለት የምድርን፣ የንጥረ ነገርንና የአካልን ዕውቀት አስተባብሮ የያዘ መምህር ነው።

ሦስተኛው እንጀራችን ነው። ሊጡ ለምን ይቦካል? አብሲቱ ለምን ይጣላል? ምጣዱ ላይ ዓይን የሚወጣው በምን ምክንያት ነው? እርሾው ሕይወት ያለው ነገር ነው፣ የሚያወጣው ጋዝ የኬሚስትሪ ውጤት ነው፣ ጋዙ በሙቀት ተለጥጦ ሊጡን መብሳቱ የፊዚክስ ሕግ ነው። እናቶቻችን በየሁለት ሦስት ቀኑ የሚሠሩት ሙከራ ከማንኛውም ቤተ ሙከራ የማያንስ ትምህርት ነበረ፤ መምህር አጥቶ ነው እንጂ።

ስለዚህ ተፈጥሮን እንዳለች አድርጎ ለልጅ ማስተማር ትክክል ነው። ጥያቄው ሌላ ነው። ማን ያስተምረው?

ክፍል ውስጥ የሚሆነው

አብረውን የተማሩና ዛሬ በመምህርነት ያሉ ወንድሞቻችንና እህቶቻችን የሚጽፉልንን ስናነብ ሦስት ዓይነት ሁኔታ እናገኛለን። በአንዳንድ ቦታ አንድ መምህር መጽሐፉን ሙሉ በሙሉ ይረከባል፤ የሠለጠነበትን ምዕራፍ አምልቶ አስፍቶ ያስተምራል፣ ያልሠለጠነበትን ግን ማስታወሻ ጽፎ ያልፋል። በሌላ ቦታ ሦስት መምህራን አንዱን መጽሐፍ እንደ ቅርጫ ይከፋፈሉታል። ስሙ አንድ ሆኖ ትምህርቱ እንደ ቀድሞው ሦስት ነው፤ ያውም የክፍለ ጊዜው ቁጥር አንሶ። በሦስተኛው ቦታ ደግሞ ክፍለ ጊዜ ያነሰው መምህር ማንም ይሁን ማን «ሳይንሱን ያዝ» ይባላል።

ይህ የመምህሩ ጥፋት አይደለም። ለመምህሩ ያልተሰጠውን ከመምህሩ መጠየቅ ግፍ ነው። የባዮሎጂ መምህር የኤሌክትሪክ ዑደትን ሲያስተምር አምፖሉ ባይበራለት፣ ለምን እንዳልበራ ለማወቅ የሚያስችለው ሥልጠና ማን ሰጠው? ተማሪው ግን ከዚህ አንድ ነገር ብቻ ይማራል። ሳይንስ ማለት በቃል የሚያዝ ቀመር ነው ብሎ ይደመድማል። ከመካከላችን ብዙዎቻችን በቀድሞው ሥርዓት የተማርን ሆነን እንኳ ሚዛን ሳናይ የክብደትን ቀመር፣ አጉሊ መነጽር ሳንነካ የሴልን ክፍሎች ሸምድደን ነው ያለፍነው። ዩኒቨርሲቲ ስንደርስ የደም ግፊት የፊዚክስም የኬሚስትሪም የባዮሎጂም ነገር መሆኑን ለመረዳት እንደገና ከሥር መጀመር ግድ ሆነብን። እኛ ስኮላርሺፕ አግኝተን፣ ጊዜና መጽሐፍ አግኝተን ያንን ክፍተት ለመሙላት ቻልን። ከጎናችን ተቀምጠው የነበሩት፣ ከእኛ በምንም የማያንሱ ልጆች ግን በዚያው ቀርተዋል። ዛሬም በ8ኛ ክፍል ሚኒስትሪ ላይ የሚቀመጡት ልጆች ዕጣ ይኸው እንዳይሆን ነው ጭንቀታችን።

መምህሩ ሁልጊዜ በመጨረሻ

የዘመናዊ ትምህርታችንን ታሪክ ስንመረምር አንድ የማይታበል ሐቅ እናገኛለን። ትምህርቱ በቅድሚያ ይታወጃል፤ ሕንፃው ይሠራል፤ መጽሐፉ ይታተማል። መምህሩ ግን ሁልጊዜ በመጨረሻ ይፈለጋል። እ.ኤ.አ. በ1908 የዳግማዊ ምኒልክ ትምህርት ቤት ሲከፈት መምህራኑ ከግብፅ የመጡ ኮፕቶች ነበሩ። እ.ኤ.አ. ከ1962 ጀምሮ በየ2ኛ ደረጃው የመምህር እጥረት ሲያይል ክፍተቱን የሞሉት የአሜሪካ የሰላም ጓድ ልዑካን ናቸው። እ.ኤ.አ. ከ1964 ጀምሮ ደግሞ የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች ለአንድ ዓመት ወደየጠቅላይ ግዛቱ ለአገልግሎት ሲላኩ አብዛኞቹ የተመደቡት በማስተማር ሥራ ነው። እነዚህ ሁሉ ታላቅ ውለታ ሠርተዋል። ሆኖም ሁሉም ጊዜያዊ ማስታገሻ ነበሩ። የሚመጣ መምህር ይሄዳል፤ የሚቀረው በአገር ውስጥ የተተከለ ሙያ ብቻ ነው።

በአንጻሩ በጤናው መስክ አገራችን ከዚህ የተለየ መንገድ የሄደችበት ጊዜ አለ። የሕክምና ተማሪዎች ስለሆንን ይህን ታሪክ አጥብቀን እንወደዋለን። በደምቢያ የወባ ወረርሽኝ ብዙ ሕዝብ ከፈጀ በኋላ፣ እ.ኤ.አ. በ1954 በጎንደር የሕዝብ ጤና ኮሌጅና ማሠልጠኛ ተከፈተ። በዚያን ጊዜ የሐኪም ቁጥር እጅግ ጥቂት ስለነበረ፣ «ሐኪም እስኪበዛ ይጠበቅ» አልተባለም። ያለው የጤና ሠራተኛ ሁሉ የሐኪምን ሥራ ደርቦ ይሥራ ተብሎም አልተተወም። አዲስ ባለሙያ ተፈጠረ። የጤና መኮንን፣ የማኅበረሰብ ነርስና የአካባቢ ጤና ጠባቂ፣ ሦስቱ አንድ ቡድን ሆነው ወደ ገጠር ጤና ጣቢያ እንዲወጡ ተደረገ። እያንዳንዱ ስም ነበረው፣ ሥልጠና ነበረው፣ የሥራ ወሰንም ነበረው።

ከዚያም ወዲህ ይኸው ብልሃት ተደግሟል። እ.ኤ.አ. በ2003 የተጀመረው የጤና ኤክስቴንሽን ፕሮግራም ለአንድ ዓመት የሠለጠኑ ሁለት ሁለት ወጣት ሴቶችን በየቀበሌው ጤና ኬላ አስቀመጠ። እ.ኤ.አ. በ2009 ደግሞ የጤና መኮንኖች በሦስት ዓመት የማስተርስ ሥልጠና ድንገተኛ ቀዶ ሕክምናና የወሊድ ቀዶ ሕክምና እንዲሠሩ የሚያስችል አዲስ ሙያ ተቋቋመ። ስፔሻሊስት በሌለበት ወረዳ ምጥ የጠናባትን እናት የሚያተርፋት ይህ ባለሙያ ነው። ማንም ሰው «ጤና መኮንን ነህና ዛሬ ቀዶ ሕክምና ሥራ» አላለውም፤ አሠልጥኖ፣ ፈትኖ፣ ፈቃድ ሰጥቶ ነው እንጂ። ለእናቲቱ ሆድ የተደረገው ጥንቃቄ ለልጅዋ አእምሮ ለምን ይነፈጋል?

ሌሎች ምን አደረጉ?

አሁን የምንማርባትን ቱርክን እንመልከት። ቱርክ እ.ኤ.አ. በ1997 አስገዳጁን ትምህርት ከ5 ዓመት ወደ 8 ዓመት ከፍ አደረገች። ወዲያው በተከታዩ ዓመት፣ በ1998፣ የትምህርት ፋኩልቲዎችዋ እንደገና ተደራጁና ለዚህ እርከን የሚሆን «ፈን ቢልጊሲ» የተባለ የሳይንስ መምህራን ማሠልጠኛ ክፍል በአራት ዓመት ዲግሪ ተቋቋመ። ተማሪዎቹ ፊዚክስን፣ ኬሚስትሪንና ባዮሎጂን ከነቤተ ሙከራቸው ይማራሉ፤ ሳይንስን በሙከራ ስለ ማስተማር ለብቻው ይሠለጥናሉ፤ በመጨረሻው ዓመት ወደ ትምህርት ቤት ወጥተው በነባር መምህር ሥር ይለማመዳሉ። ከዚያ ወዲህ የትምህርቱ ስም ሁለት ጊዜ ተለውጧል፤ ሥርዓተ ትምህርቱም ተሻሽሏል። የመምህሩ ሙያ ግን እንደ ተተከለ ነው። ዋናው ቁም ነገር ይህ ነው። መጽሐፍ ቢለወጥ ሙያ ያለው መምህር አይናጋም።

በእስራኤልም እ.ኤ.አ. በ1992 የሐራሪ ኮሚቴ ባቀረበው ሪፖርት መሠረት ሳይንስና ቴክኖሎጂ በመካከለኛ ደረጃ እንደ አንድ ትምህርት እንዲሰጥ ሲደረግ፣ በአንድ ዘርፍ ብቻ የሠለጠኑትን ነባር መምህራን እንደገና ማሠልጠን የሥራው ትልቁ ክፍል ሆኖ ነበር። በአሜሪካ የካሊፎርኒያ ግዛት ደግሞ የመሠረታዊ አጠቃላይ ሳይንስ የሚባል የመምህርነት ፈቃድ አለ። ይህን ፈቃድ የያዘ መምህር አጠቃላይና መግቢያ የሆነውን ሳይንስ ያስተምራል፤ ከፍ ያለውን ፊዚክስ ወይም ኬሚስትሪ ለማስተማር ግን የየራሳቸውን ፈቃድ መያዝ አለበት። ፈቃዱ በር ይከፍታል፤ አጥርም ያበጃል።

ይህን ስንል የሌላውን አገር ሥርዓት እንዳለ ገልብጠን እናምጣ ማለታችን አይደለም። ቱርክ ራስዋ ከሚያስፈልጋት ይልቅ ብዙ መምህራን አስመርቃ፣ ብዙዎቹ ምደባ ሲጠብቁ ዓመታት ይቆያሉ። ከዚህ የምንማረው የሚሠለጥነው ሰው ቁጥር ባለው የሥራ ቦታ ልክ መመጠን እንዳለበት ነው። የሰው ስሕተት ያለ ክፍያ የሚገኝ ትምህርት ነውና እንጠቀምበት።

ለተቃውሞዎች መልስ

አንዳንድ ወገኖች «ሁለት እግር አለኝ ተብሎ ሁለት ዛፍ አይወጣም፤ ይኸው ያንተ መምህር ሦስት ዛፍ ሊወጣ ነው፤ ከሁሉም ጥቂት ጥቂት አውቆ አንዱንም ሳይጨብጥ ይቀራል» ይሉ ይሆናል። መልሳችን ይህ ነው። በ7ኛና በ8ኛ ክፍል ደረጃ ሦስቱ ትምህርቶች ሦስት ዛፎች አይደሉም፤ ገና ያልተለያዩ የአንድ ግንድ ቅርንጫፎች ናቸው። የአጠቃላይ ሳይንስ መምህር የቱንም ያህል ቢሠለጥን 11ኛ ክፍልን ፊዚክስ አያስተምር፤ ወሰኑ እዚያ ላይ ይሁን። በዚያ ወሰን ውስጥ ግን ሙሉ ባለሙያ ይሁን። በሕክምናም ጠቅላላ ሐኪም ከስፔሻሊስት ያነሰ ሐኪም ሳይሆን ሥራው የተለየ ሐኪም ነው።

ሌሎች ደግሞ «ፈቃድ ማለት ፈተና ነው፤ ፈተና ማለት መምህሩን ማባረሪያ ነው» ብለው ይሠጋሉ። ሥጋቱ ከሜዳ የተነሣ አይደለምና ልንንቀው አይገባም። ፈቃድ ከሥልጠና በፊት ከመጣ በእርግጥ ዱላ ነው። ከሥልጠና በኋላና ከደመወዝ ጭማሪ ጋር ከመጣ ግን ማዕረግ ነው። እኛ የምንጠይቀው ሁለተኛውን ነው። ደመወዙ ከወር እስከ ወር ለማያደርሰው መምህር ያለ ምንም ማበረታቻ ተጨማሪ ሸክም መጫን ከሙያው እንዲሸሽ መግፋት ነው።

«ገንዘብ ከየት ይመጣል?» የሚሉም አይጠፉም። ጥያቄው ተገቢ ነው። ነገር ግን መጽሐፉ በሚሊዮን የሚቆጠር ቅጂ ሲታተም ገንዘብ ወጥቷል። የማይነበብ፣ የማይሞከር፣ የማይገባ መጽሐፍ ማሳተም ነው ትልቁ ብክነት። መምህራኑ ደግሞ በክረምት ወራት ኮሌጅ ገብተው ትምህርታቸውን የማሻሻል ልምድ በአገራችን ለረዥም ጊዜ የቆየ ነው። አዲስ ሕንፃ አያስፈልግም፤ ያለውን ክረምት በዓላማ መጠቀም ነው።

ምን ይደረግ?

ከዚህ በላይ ካልነው በመነሣት የሚከተሉትን ሐሳቦች እናቀርባለን።

ሀ) የአጠቃላይ ሳይንስ መምህርነት ፈቃድ በአገር አቀፍ ደረጃ ይደንገግ። የሥራ ወሰኑም 7ኛና 8ኛ ክፍል መሆኑ በግልጽ ይጻፍ። የዲግሪ ክፍል መክፈት ብቻውን አይበቃም፤ ተመራቂው ተመልሶ «የባዮሎጂ መምህር» እየተባለ የሚመደብ ከሆነ ስሙም ሥልጠናውም ከንቱ ይሆናል።

ለ) ነባሩ መምህር የሚያውቀው ይቆጠርለት። የኬሚስትሪ ዲፕሎማ ያለው መምህር ኬሚስትሪን እንደገና እንዲማር አይገደድ። የጎደለውን ፊዚክስና ባዮሎጂ እንዲሁም ሦስቱን አዋህዶ የማስተማር ዘዴን በተከታታይ ክረምቶች ተምሮ ወደ ዲግሪና ወደ ፈቃዱ ይድረስ። ይህን መንገድ የዘጋ ደንብ በሥራ ላይ ያለውን መምህር ሁሉ ከውጭ ያስቀራል።

ሐ) ፈተናው በወረቀት ብቻ አይሁን። ዕጩው መምህር በእውነተኛ ተማሪዎች ፊት ቆሞ በአካባቢው ከሚገኝ ነገር አንድ ሙከራ ሠርቶ ያሳይ። በሎሚና በአመድ ውሃ አሲድና ቤዝን፣ በድንጋይ ባትሪና በሽቦ የኤሌክትሪክ ዑደትን፣ በባቄላ ዘር የዕፅዋትን እድገት ማሳየት የማይችል ሰው ምርጫ በማጥቆር ብቻ ፈቃድ አያግኝ። ይህን የሚችል ግን ቤተ ሙከራ በሌለበት ትምህርት ቤትም ቢመደብ ሥራው አይቆምም።

መ) ፈቃዱ ከእድገት መሰላሉ ጋር ይያያዝ። ከጀማሪ መምህር እስከ መሪ መምህር ባለው እርከን ላይ ፈቃዱ የሚታይ ጥቅም ይኑረው፤ ደመወዝም ይጨምር። መካከለኛ ደረጃ ወደ 2ኛ ደረጃ ለመሸጋገር የሚታለፍበት መንገድ ብቻ ሆኖ ከቀረ፣ ጥሩ መምህር እዚያ አይረጋም።

ሠ) ሥልጠናው የማስተማሪያ ቋንቋውን ያገናዝብ። 7ኛና 8ኛ ክፍል ሳይንስ የሚሰጥበት ቋንቋ እንደየክልሉ ይለያያል። መምህሩ በእንግሊዝኛ ብቻ ሠልጥኖ በአማርኛ ወይም በአፋን ኦሮሞ አስተምር ቢባል፣ ወይም የዚህ ተቃራኒ ቢሆን፣ ዕውቀቱ በመንገድ ላይ ይፈሳል።

ረ) የሚሠለጥኑት ቁጥር በየወረዳው ካለው የመምህር ፍላጎት ጋር ይመዛዘን። ቅድሚያ ለገጠሩና በጦርነት ትምህርት ለተቋረጠባቸው አካባቢዎች ይሰጥ። ከተማው መምህር መሳቡ አይቀርም፤ ገጠሩ ግን ካልታሰበለት አይደርሰውም።

የእኛስ ድርሻ?

በውጭ አገር የምንማር ተማሪዎች መጠየቅ ብቻ ሳይሆን ማድረግም ይጠበቅብናል። በዚህ ዩኒቨርሲቲ በትምህርት ፋኩልቲ የሚማሩ ጓደኞቻችን የሳይንስ መምህራን የሥልጠና መርሐ ግብር ይዘቱ ምን እንደሆነ ወደ አማርኛና ወደ ሌሎች ያገራችን ቋንቋዎች መልሰው ለየመምህራን ኮሌጆች ሊልኩ ይችላሉ። በምሕንድስናና በተፈጥሮ ሳይንስ ያሉት ያለ ውድ መሣሪያ የሚሠሩ ሙከራዎችን ደረጃ በደረጃ ሊጽፉ ይችላሉ። እኛ የሕክምና ተማሪዎች ደግሞ ስለ ወባ፣ ስለ ብልሃርዚያ፣ ስለ እንቅርትና ስለ አዮዲን፣ ስለ ፍሎራይድ ለ7ኛና ለ8ኛ ክፍል የሚመጥኑ ትምህርቶች ማዘጋጀት እንችላለን፤ እንጀምራለንም። ለዕረፍት ወደ አገር ቤት የሚሄድ አባል ሁሉ ቢያንስ አንድ ቀን ለተማረበት ትምህርት ቤት መምህራን ይስጥ። ሊያስተምራቸው ሳይሆን፣ ምን እንደጎደላቸው ከራሳቸው አፍ ሰምቶ ለዚህ መጽሔት እንዲጽፍ ነው።

ነገ ተመርቀን ስንመለስ የምንቀበላቸው ሕመምተኞች ዛሬ 7ኛ ክፍል የተቀመጡት ልጆች ናቸው። ውሃን ለምን አፍልቶ እንደሚጠጣ የገባው ልጅ ለሐኪሙ ግማሹን ሥራ ሠርቶ ይጠብቀዋል። መድኃኒት ለምን በሰዓቱ እንደሚወሰድ የምትረዳ ልጅ ነገ ቤተ ሰብዋን ታድናለች። ይህን የሚያስረዳቸው ከእኛ በፊት የሚያገኛቸው መምህር ነው። ያ መምህር ስም ይሰጠው፤ ሥልጠና ይሰጠው፤ እንጀራው ይስተካከልለት። አጠቃላይ ሳይንስ መጽሐፍ አግኝቷል፤ አሁን ባለቤት ይሰጠው!